ከጥርስ ሥር የወጣችው ቁራጭ ሥጋ

እስቲ ከጥርስ ሐኪሙ ወንበር አጠገብ ያለውን ባልዲ እዩት። ደም የነካው ጥጥ፣ የተነቀለ ጥርስ፣ ከጥርሱ ሥር ተፍቃ የወጣች ምስር የምታክል ሥጋ። እናንተ ቆሻሻ ነው ትላላችሁ። መሣሪያ በማጥብበት ክሊኒክ ግን ይህን ባልዲ ዝም ብሎ መድፋት ያስጠይቃል። ጠያቂዋም የባልዲዎች የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት እትዬ ላኩልኝ ናት።

በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሌላው የጣለውን እያነሳ "ይኼን አይታችሁታል?" በማለት መግቢያ መውጫ የሚያሳጣ። የእኛዋ ፎቅ ላይ ባለው ላቦራቶሪ ሥጋ በስሱ ቆርጣ፣ በቀለም ነክራ፣ በማይክሮስኮፕ ታያለች። ትክክለኛ ስሟን የሚያስታውስ የለም። በቀን አርባ ጊዜ "አትጣሉት፣ ላኩልኝ" ስለምትል ስሙ በዚያው ጸና።

ደረጃ ላይ የሂሳብ ሹሙን አስቁማ "በግራ ብቻ የምታኝከው ቀኙን ማን ወስዶብህ ነው?" ትለዋለች። አንዴ አንዱ ሐኪም ሥጋውን ከመበስበስ በሚጠብቀው በፎርማሊን ፈንታ በውሃ ላከላት። ውሃ ውስጥ ያደረ ሥጋ ደግሞ ይበሰብሳል፣ ምንም አይታይበትም። ጠርሙሱን ይዛ ታካሚ ፊት ወረደች፤ "ዶክተርዬ፣ ሾርባ ነው የላክልኝ?"

እኔም ነገረኛ ናት እል ነበር፣ የታላቅ ወንድሜ ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ወንድሜ ሹፌር ነው። ጥርሱ ሦስት ሳምንት ሲያሰቃየው ከርሞ ድንገት ዝም አለ። "ዳንኩ" አለ። ምን ዳንኩ ነው? ነርቩ ሞቶ ነው። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። በሁለተኛው ዓመት ድዱ አበጠና እኛው ክሊኒክ መጣ። ራጁ ላይ ከጥርሱ ሥር አጥንት የለም፤ ጥቁር ክብ ብቻ። ያን ቀን ወንድሜ መቀለድ ተወ። አባታችን የሞተው በመንጋጋ ካንሰር ነው።

ጥርሱ ተነቀለ። ሐኪሙ "ያው የተለመደው ነው" ብሎ ሥጋዋን ወደ ባልዲው ሊሰዳት ሲል ከፎቅ የወረደችው እትዬ ላኩልኝ እጁን አየር ላይ ያዘችው።

"ዶክተርዬ፣ ዓይንህ ማይክሮስኮፕ ሆነ እንዴ?"

አራት ቀን ሙሉ ወንድሜ ስልኩን ከእጁ አላወረደም። በአምስተኛው ቀን ጠራችን።

"ና፣ ቁጭ በልና እይ።"

"ይሄ ሁሉ ሐምራዊ ነጠብጣብ ምንድነው?"

"ያንተው ዘበኞች። ጀርም የሚከላከሉልህ ሴሎች ናቸው። በሞተው ነርቭ በኩል የገባውን ጀርም ከበው ይዘውልሃል።"

"ቀያዮቹ መስመሮችስ?"

"እሱን እኮ ነው የምልህ። አዳዲስ የደም ሥሮች ናቸው። ዘበኞቹ መንገድ ይሠራልን አሉ፣ ሰውነትህ ዘረጋላቸው። በመንገዱ ሌላ ዘበኛ መጣ፤ እሱም ሌላ መንገድ አሠራ። አንተ ዳንኩ ስትል እነሱ ሁለት ዓመት ሲዋጉ፣ በመሀል አጥንትህ ተበላ።"

ወንድሜ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ታዲያ... የአባዬ ዓይነት አይደለም?"

"አይደለም። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አይቻለሁ። አይደለም።"

ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አላነሳም፤ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ግን መች ልብ ብላው፤ "ይቺን የደም ሥር እያት፣ እዚህ ጋ ስትታጠፍ። አታምርም?"

"ታምራለች" አለ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

ተራዬን ጠብቄ እኔም አየሁ። ከዶክተሮቹ አሮጌ መጻሕፍት ላይ ስንት ዓመት ያነበብኩት ነገር ሕይወት ዘርቶ ቁጭ ብሏል፤ ልቤ ዘለለች። ከዚያ ወዲህ ፎርማሊን እየሞላሁ ጠርሙሶቹን በየወንበሩ አጠገብ የምደረድረው እኔ ነኝ። እትዬ ላኩልኝ ፈቃድ የወጣች ሳምንትማ ሕንፃው ጭር ይልብኛል፤ የሚቆጣኝ አጣለሁ።

እናንተ ግን "ዝም አለልኝ" ብላችሁ የተዋችሁት ጥርስ ካለ፣ በምላስ እየነካካችሁ አትፍረዱለት። እባካችሁ፣ በዚህ ሳምንት ሂዱና ራጅ ተነሱ።