ክቡር ጋሼ ሶኬት

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ነፋሱ የግቢውን አቧራ ጠራርጎ አስነሳው፤ ሰባት ሰዓት ላይ ሰማዩ የድስት ቂጥ መሰለ። ሰው ሁሉ ፊቱ ሲጠቁር ጋሼ ሶኬት እጃቸውን እያፋተጉ ብቅ አሉ።

ደመና ሲያይ ሹመት የመጣለት የሚመስለው ሰው የሌለበት ግቢ የለም። የእኛው ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። በበጋ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ወጀብ ሲመጣ ግን ክቡር ጠቅላይ አዛዥ ይሆናሉ።

መጀመሪያ በየክፍሉ እየዞሩ ያንኳኳሉ። "ሶኬት ነቅላችኋል?" ስማቸውም ከዚሁ መጣ። ነቅለናል ብንል አያምኑም፤ ገብተው ፍሪጁን ጎትተው ያያሉ። አንዴ የልብስ ሰፊውን ሬዲዮ ዜናው መሃል ላይ ነቅለውበት አንድ ወር ሙሉ አኩርፏቸዋል። መብረቅ በቧንቧ እንደሚሄድ ስለነገሩን፣ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ሳህን ሳይታጠብ ይከመራል። እኔ ትምህርቴን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ ከእሳቸው የሰማሁት ቢደመርልኝ ግን ዛሬ መሐንዲስ ነበርኩ።

ከዚያ ሁላችንንም ወደ እኔ ክፍል ይነዱናል። ከስድስቱ ክፍሎች መስኮት የሌለው የእኔ ብቻ ነው። በአዘቦት ቀን በዚህ ክፍል የሚያዝንልኝ እንጂ የሚቀናብኝ የለም። ዋናውን ማብሪያ ስለሚያጠፉት ጨለማ ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ተጨናንቆ ፊት መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጋሼ በሩ ሥር ያወለቅነውን ጭቃማ ጫማ በባትሪ እያበሩ ይቆጥራሉ። አሥራ አንድ ጥንድ ሲሞላ መወርወሪያውን ይዘጋሉ። "ከተዘጋ አይከፈትም፣ እናቴም ብትመጣ" ይላሉ። እናታቸው ከሞቱ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል።

የዚያን ቀን ልጄን ይዤ ቀድሜ ገባሁ፤ ጫማዬንም አወለቅኩ። ከዚያ የሰው አንሶላ ትዝ አለኝ። የምተዳደረው ልብስ አጥቤ ነው፤ የአንድ ማረፊያ ቤት ስምንት አንሶላ ገመድ ላይ ነበር። እሱ ከጠፋ ሥራዬም አብሮ ይጠፋል። ጋሼ ማብሪያውን ሊያጠፉ ሲሄዱ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። አንሶላውን ታቅፌ ስመለስ በሩ ተዘግቷል።

አንኳኳሁ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድበው የራሴንም ጩኸት መስማት አልቻልኩም። የዳር ክፍሉ ጣሪያ ሚስማሩን እየነቀለ ይነሳል፣ ይወድቃል። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

ውስጥ የሆነውን ኋላ ልጄ ነገረችኝ። እማዬ የለችም ስትላቸው፣ ጫማዋ ይኸው፣ አሥራ አንድ ሞልቷል ብለው ተከራከሯት። እሷም በጨለማው እየዳበሰች ሁሉንም ስማቸውን አስጠራቻቸው። አሥር ሆኑ። ጋሼ ወደ በሩ ዞሩ። ልብስ ሰፊው አሁን ቢከፈት ነፋሱ ገብቶ ጣሪያውን ይዞት ይሄዳል፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ አላቸው።

"የዘጋሁባት እኔ ነኝ" አሉና መወርወሪያውን ሳቡት።

ክንዴን ጨምድደው ወደ ውስጥ ሲወረውሩኝ አስታውሳለሁ። ቆርቆሮው ተገንጥሎ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሳቸው ገና ደጃፉ ላይ ነበሩ። ያተረፍኩትን አንሶላ ቀዳደን እግራቸውን ብናስርበትም ደሙ አልቆም አለ። ራሳቸውን ሊስቱ ሲሉ እንኳ በሩ መዘጋቱን ጠየቁን።

ሆስፒታል የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ቀደሙኝ።

"ሰው በጫማ አይቆጠርም፣ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ድሮም ተከራክሮ የረታቸው የለም፤ እጃቸውን ያዝኩ። በስድስት ዓመት ጉርብትና እጃቸውን ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ መልቀቅ አቃተኝ።

ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል። አሁን የሚኖሩት ሌላ ሰፈር፣ የእህታቸው ልጅ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ከወጡ አምስት ወራቸው ነው፣ አንድም ቀን አልወረዱም።