የባለቤቴ ግዳይ

እኔና ባለቤቴ ታዬ አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ነገር ጠመንጃ ላይ የኮት ቁልፍ ማስቀመጥ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እሱ ሆጤ ሰፈር ባለው ቤታችን ወለል ላይ በደረቱ ተኝቷል። ጥይት የሌለበትን ምንሽር ትራስ ላይ አስደግፎ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ወረቀት ያልማል። እኔ አጠገቡ ተንበርክኬ ቁልፏን አፈሙዙ ጫፍ ላይ አስቀምጣለሁ። ቃታው ሲሳብ ቁልፏ ባለችበት ከቆየች ተኩሱ ጥሩ ነው፤ ከወደቀች ግን...

"ወደቀች" አልኩት።

"አንቺ ተንፍሰሽባት ነው።"

"እኔ? ትንፋሼን ይዤ ልሞት ነው እንጂ!"

"አንቺ ለምን ትይዣለሽ? የሚይዘው ተኳሹ ነው።"

"እንግዲያ ያዛ!"

"ካንቺ ጋር እያወራሁ እንዴት አድርጌ ልያዝ?"

ወንዶች ጠመንጃ ጀግንነት ነው ይሏችኋል። አትመኗቸው! ጠመንጃ ማለት ሆድ ላይ ተኝቶ ቁልፍ አለመጣል ነው። ፉከራው፣ ሽለላው፣ ዝናሩ... ያ ሁሉ ቁልፍ መጣል የማይቀርላቸው ሰዎች የፈጠሩት ማካካሻ ነው።

ከዚያች እሁድ በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት፣ ታዬ ክፍል ውስጥ ካርታ እየሰቀለ ሳለ ልቡ ቆመ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ይህን ገና ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ኋላ ላይ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው። እኔን ማንም አላስጠነቀቀኝም። ጋዜጣው ላይ ይህ ገጽ ለጥቂት ሳምንታት ያለ እኔ ጽሑፍ የወጣውም ስለዚህ ነው። አሁን ወደ ከርከሮው እንሂድ።

ሰይድ የሚባል ወዳጅ አለን። ከኮምቦልቻ በታች፣ ሜዳው ላይ፣ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠረው ታዬ ዘንድ ስለሆነ እስከ መጨረሻው "ኡስታዝ" እያለ ነበር የሚጠራው። ዘንድሮ ማሽላው እሸት ሲይዝ የከርከሮ መንጋ ለመደበት። ከርከሮ ሲበላ እንደ እንግዳ አይደለም፤ አንዱን አገዳ ይበላል፣ አሥሩን ይረግጣል። ሰይድ ሚስትና አምስት ልጆች አሉት። ያ ማሽላ ከጠፋ ዓመቱን የሚበሉት ሌላ ነገር የላቸውም። ወሎ ውስጥ ደግሞ ባዶ ጎተራ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ለማንም አያስረዳም።

"አታስብ" አለው ታዬ። "እስኪታጨድ ድረስ እኔ አለሁልህ።"

ይህን ሲል በሕይወቱ አንዲት ጥይት ተኩሶ አያውቅም። ሥልጠናስ ወስዷል... ቀበሌያችን ውስጥ፣ በእንጨት ጠመንጃ። በእንጨቱ አንድም ቀን ስቶ አያውቅም!

እውነተኛው ጠመንጃ የአባቱ ምንሽር ነው። ቁም ሣጥን ላይ ተኝቶ እኔ በየፋሲካው አቧራውን የምጠርግለት ነው። ኮምቦልቻ ይዞት ለመውረድ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ቀረበ።

"ለምን ዓላማ ነው፣ ጓድ ታዬ?"

"ለከርከሮ ነው።"

"ከርከሮው ምን አደረገ?"

"አንድ ቀን ሞፈር ሳይጨብጥ የገበሬውን ማሽላ ይበላል።"

ሊቀመንበሩ ብዕሩን አነሳ። "እንግዲያማ ባላባት ነው!" አለና ፈረመ።

ታዬ አስተማሪ ስለሆነ ማንኛውንም ነገር የሚጀምረው በደብተር ነው። መንገድ ላይ ያገኛቸውን አዳኝ ሽማግሌዎች ሁሉ እየጠየቀ "የተኩስ ሕግጋት" ብሎ ጻፈ። የመጀመሪያው ሕግ፦ መሣሪያ በሰው ልክ ይሁን። ሰደፉን ክርንህ ማጠፊያ ላይ አስደግፍ፤ ጣትህ ሳትንጠራራ ቃታው ላይ ከደረሰች ልክህ ነው። ለካው። ጣቱ አልደረሰችም። አንገቱን አዘነበለ፣ ትከሻውን ጎተተ... አልደረሰችም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከእኔ በግማሽ ስንዝር ያጥር ነበር። እስቲ ብዬ እኔ ለካሁት። ጣቴ ሄዳ ቃታው ላይ ቁጭ አለች።

ታዬ አየኝ። ጠመንጃውን አየ። "ክረምቱ ሰደፉን አሳብጦት ነው" አለ።

አንባቢዬ፣ አንተም ጠመንጃ ልትመርጥ ከሆነ ሚስትህ በሌለችበት ለካ።

ጥይቶቹ ጥቂት ስለነበሩ በልምምድ አላባክንም ብሎ ከቀርከሃ ደጋን ሠራ። ለዚህም ሕግ ጻፈ፦ ደጋን የምትመርጠው በትልቅነቱ አይደለም፤ ጎትተህ ሳትንቀጠቀጥ አሥር እስክትቆጥር የምትይዘውን ምረጥ። እሱ ግን ደጋን በትልቅነቱ መረጠ። ሦስት ላይ ሲደርስ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ አራት ላይ ፍላጻው አምልጦ የጎረቤታችንን የእትዬ የሺን አንሶላ ከገመዱ ላይ ወጋ።

"ደህና ዋልክ፣ መምህር?" አሉ እትዬ የሺ በቀዳዳው በኩል እያዩት። "እኔ ራሴ በአንሶላው ውስጥ ብኖር ኖሮ ምን ልትለኝ ነበር?"

ከዚያ በኋላ የፍላጻዎቹን ጫፍ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ይመጣል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስት ሆነን ዘመትን ማለት ይቻላል፤ ታዬ፣ እኔና ምንሽሩ። አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሲጠማዘዝ ታዬ ደጋኑን ጀርባው ላይ አንግቶ፣ ጠመንጃውን በጋቢ ጠቅልሎ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፎት ነበር። ሰይድ መንገድ ላይ ጠብቆን ወደ ማሳው ወሰደን። ማሳው ጫፍ ላይ እንደደረስን ከቁጥቋጦው ሥር አንድ ጅግራ ብቅ አለ። ታዬ ደጋኑን ጎተተ፤ ሦስት ላይ ሳይደርስ ለቀቀው። እኔም እሱም ጅግራውም ባልጠበቅነው ሁኔታ ፍላጻው ጭንቅላቱን አገኘው። ጫፉ ጨርቅ ነውና አልገደለውም፤ አደንዝዞ ዘረረው እንጂ። ሰይድ ሮጦ አነሳው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሌላ አገር ብናገር አያምኑኝም። እናንተ ግን ታውቁታላችሁ። ሰይድ ካረደው እኛ አንበላም፤ ታዬ ካረደው ሰይድ አይበላም። ለሠርግ ቢሆን ሁለት በሬ፣ ሁለት ቢላዋ ይዘጋጅና ሁሉም ተሳስቆ ይበላል። ለአንድ ጅግራ ግን ማን መላ ያብጅ?

"በል ቢስሚላህ በልና እረደው" አለ ታዬ ቢላዋውን ለሰይድ እየዘረጋ። "ለልጆቹ ይሁን።"

"ኧረ በአላህ! አንተ መትተህ እኔ ልብላ? አንተው ባርከው።"

"እኔማ ቤቴ ሽሮ አለኝ።"

"እኔስ ምን አጣሁ? ወላሂ አልነካውም!"

"ሰይድ፣ ታስቀይመኛለህ።"

"ኡስታዝ፣ አንተም ታስቀይመኛለህ።"

"አንዳችሁ እረዱት!" ብዬ ጮህኩ።

"አንቺ ዝም በይ፣ የክብር ጉዳይ ነው" አለኝ ታዬ።

ጅግራው አንድ ዓይኑን ከፈተ። ክርክሩን ትንሽ አዳመጠ። መግባባት እንደማይኖር ሲገባው ከሰይድ እጅ ተፈናጥሮ በረረ።

"አየህ!" አለ ታዬ። "የልጆችህ ድርሻ በረረ።"

"የለም፣ የበረረውስ ያንተ ነው" አለ ሰይድ። እስከዚህ ድረስ ጨዋዎች ነበሩ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከርከሮዎቹ ክርክር አላስፈለጋቸውም። በወዲያኛው በኩል ማሽላው ውስጥ ገብተው ግማሽ ጥማድ ያህል አተራምሰዋል። ሰይድ መጀመሪያ ያየው የአገዳውን ጫፍ ነው፤ ነፋስ ሳይኖር ይወዛወዛል። ፊቱ ተለዋወጠ። ታዬ ምንሽሩን ከጋቢው አወጣ። አሁን ያ ሁሉ የደብተር ሕግ በሥራ ሊውል ነው! ተደገፍ ይላል፤ እሱ ቆመ። ትንፋሽህን ግማሹን አውጣና ያዝ ይላል፤ እሱ እንደ ሯጭ ያለከልካል። ዓይንህ ከማነጣጠሪያው አይነቀል ይላል፤ ሁለቱንም ጨፈነ። ቃታውን በቀስታ ሳብ ይላል፤ የዛገ በር እንደሚከፍት ሰው መነጨቀው።

ምድር ተናወጠች። ታዬ በቂጡ ተቀመጠ። ከርከሮዎቹ ያሻቸውን በልተው ስለነበር በእርጋታ ወጡ።

ሰይድ ማሳው መሐል ወዳቆመው የወፍ ማስፈራሪያ ሄደ። ያለበሰው የራሱን አሮጌ ኮት ነው። ጎንበስ ብሎ አየው።

"አብሽር፣ ኡስታዝ! ገድለሃል!"

"ከርከሮውን?" አለ ታዬ ከተቀመጠበት።

"ኮቴን።"

ጥይቷ ደረቱ ላይ ገብታ አንድ ቁልፍ ነቅላለች። ሰይድ ቁልፏን ከአፈሩ ለቅሞ በሁለት እጁ ለታዬ አቀረበለት። "ግዳይህ ናት። ለሚስትህ ስጣት" አለ። ማሽላው እየተበላበት እንዲህ የሚቀልድ ሰው... ምን ትሉታላችሁ?

ለልምምድ የተጠቀምንባት ቁልፍ እንግዲህ እሷ ናት። ታዬ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር የሚዘጋጀው።

ሰይድና ሚስቱ ዘይነባ ለቅሶ መጡ። "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አለኝ ሰይድ። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ስለ ማሽላው አንድ ቃል አልወጣውም። ሲሰናበቱ እኔው ጠየቅኩ።

"ማሳው እንዴት ነው?"

"አብሽሪ፣ ደህና ነው።"

ዘይነባ መሬት መሬቱን አየች። ደህና አለመሆኑን ያወቅኩት ከእሷ ነው።

ጥቂት ቆይቶ ከቀበሌ ጥሪ መጣ፦ የሟች ጠመንጃ ርክክብ ይደረግበት ወይም በሌላ ሰው ስም ይዙር። ምንሽሩን በጋቢው ጠቅልዬ ሄድኩ። ያው ሊቀመንበር ነው።

"ሐዘንሽን ያቅልልሽ። ለማስረከብ ነው?"

"በስሜ ለማዞር ነው።"

"ለሴት ልጅ ምንሽር ምን ያደርግላታል?"

"ለከርከሮው ነዋ። ባላባት ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ባሌ ሲሞት መደቡን ቀየረ እንዴ?"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ማለቴ... መተኮስ ሳትችዪ እንዴት በስምሽ አዞራለሁ?"

ጠመንጃውን ከፍቼ ባዶ መሆኑን አሳየሁት። ከዚያ ነጠላዬን አነጠፍኩና በጥቁር ልብሴ ቢሮው ወለል ላይ በደረቴ ተኛሁ። ቁልፏን ዘረጋሁለት።

"ይህቺን ጫፉ ላይ ያስቀምጡልኝ።"

"ምን?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ብቻዬን አይሆንልኝም። አንድ ሰው መንበርከክ አለበት።"

ግራና ቀኙን አየና ተንበረከከ። ቁልፏን አስቀመጠ። ግድግዳው ላይ ካለው መፈክር አንዷን ፊደል መረጥኩ። ሰደፉን ትከሻዬ ውስጥ አስገባሁ፤ ልኬ ነው። ተነፈስኩ፤ ግማሹ ላይ አቆምኩ። ቃታውን መቼ እንደሚያልቅ ሳላውቅ በቀስታ፣ በቀስታ ሳብኩት። ቀጭ አለ። ቁልፏ ባለችበት አለች።

ቀና ብል ሊቀመንበሩ ጉንጩን ነፍቶ ዓይኑ ሊወጣ ደርሷል።

"ይተንፍሱ እንጂ" አልኩት። "የሚይዘው ተኳሹ ነው።"

ይህን ካልኩ በኋላ ከወለሉ ለመነሳት ጊዜ ወሰደብኝ። ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፈረመ።

በዚያው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሰይድ ጠመንጃውን አይቶ ሊከራከረኝ ሞከረ፤ ዘይነባ "ተዋት!" አለችው፤ ተወኝ። ማሳው ዳር ያለው የጥበቃ ማማ ላይ ወጣሁ። ግማሹ ማሽላ ሄዷል፤ ግማሹ ቆሟል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አገዳው ነፋስ ሳይኖር ተወዛወዘ። የማማውን እንጨት ተደገፍኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። በደብተሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያው በቅደም ተከተሉ አደረግኩ፤ ታዬ ጽሑፌን ያርምልኝ እንደነበረው ሁሉ ከበላዬ ቆሞ የሚያርመኝ መሰለኝ።

ተኮስኩ። መንጋው ወደ ወንዙ ነጎደ።

ሰይድ ሮጠ። መጀመሪያ የሮጠው ግን ወደ ከርከሮዎቹ አይደለም፤ ወደ ማስፈራሪያው ነው። ኮቱን ከላይ እስከ ታች ዳበሰው።

"አብሽሪ፣ እህቴ!" ብሎ ከማሳው መሐል ጮኸ። "ኮቱ ደህና ነው!"

ከእሱ እልፍ ብሎ አንድ ትልቅ ከርከሮ ተጋድሟል። እሱም እኔም ስለማንበላው ማን ይባርከው የሚል ክርክር አልተነሳም። የሚበላ ቢሆን ኖሮ ሰይድ ሊጋብዘኝ ይችል ነበር... እግዚአብሔር አተረፈን።

ቁልፏ ቦርሳዬ ውስጥ ናት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ ሐረጎን እወርዳለሁ፤ ማሽላው እስኪታጨድ ድረስም ማማው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።