ሁለቴ የወጣው ሰባት

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰውዬ ከተማረ ሰው ጋር አንድ ቧንቧ ተጋርቶ አያውቅም! ቢጋራማ ኖሮ «ያልተማረ ያጠጣኝ» ይል ነበር።

ይኸውላችሁ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር የምንኖርበት ግቢ ውስጥ ስምንት ተከራይ አለ፤ ቧንቧው ግን አንድ ነው። ውሃው የሚመጣው በሳምንት አንዴ፣ የሚሄደው ደግሞ ሳይሰናበት ነው። ስለዚህ ማን ቀድሞ ይቅዳ የሚለው ነገር ለእኛ የሞት ሽረት ነው። ዕጣ የሚያስወጡልን የግቢው ባለቤት አደይ ብርኽቲ ናቸው። ሁሉም የየራሱን ነገር፣ ቁልፍም ይሁን የፀጉር ሽቦ፣ ሰፌድ ላይ ይጥላል፤ የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ከመንገድ ይጠራና አንድ በአንድ ያነሳል።

ያን ሳምንት ልጄ ክርስትና ሊነሣ ነው። እንግዳ ተጠርቷል፣ ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም፣ የባለቤቴ የሰናይት ዓይን ቧንቧው ላይ ተተክሏል። እኔ የስታቲስቲክስ መምህሩ ታዲያ ዝም እላለሁ? «በዚህ ዘመን በሰፌድ?!» ብዬ ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ። አር የሚባለው ፕሮግራም ለየቤቱ የዘፈቀደ ቁጥር ያወጣል፤ ትንሹ ቁጥር የደረሰው ይቀድማል። ከአንድ እስከ መቶ ሺህ አዘዝኩት።

ሁሉም ባለ አምስት አሃዝ ሆኖ ወጣ።

«መምህር፣ አንድና ሁለት የሚባል ቁጥር አልቋል እንዴ?» አለኝ ጎረቤቴ ሹፌሩ ሓጎስ።

ከአንድ እስከ መቶ ሺህ ካለው አብዛኛው ቁጥር ባለ አምስት አሃዝ ነው ብዬ ባስረዳ ማን ሊሰማኝ! እሺ ብዬ መጀመሪያ የአሃዙን ብዛት፣ ከዚያ ቁጥሩን በዕጣ እንዲያወጣ አስተካከልኩት። አሁን አማረ! ለአደይ ብርኽቲ 48213፣ ለሓጎስ 560፣ ለእኔ… ሰባት።

ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ክርስትና ያላችሁ እናንተ ናችሁ፣ አይደል?» አለ ሓጎስ።

«ኧረ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ማሽን እኮ ዘመድ የለውም!»

«እንግዲያስ ድገመው።»

ደገምኩት። 48213፣ 560… ሰባት!

«እዋይ!» አሉ አደይ ብርኽቲ። «ዕጣ ሁለቴ አንድ ዓይነት ይወጣል? ይሄስ የተጠና ነው!»

ለካስ ለተማሪዎቼ እንደማደርገው፣ ሥራው እንዲጣራ «ሲደገም ያው ውጤት ይምጣ» የሚል ትእዛዝ ከላይ ጽፌ ኖሯል! ክፍል ውስጥ የሚያስመሰግነኝ ነገር እዚህ አጭበርባሪ አስባለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰፌዱ መጣ። እኔም ፍላሼን ጣልኩ። የአደይ ብርኽቲ ቁልፍ መጀመሪያ ወጣ፤ ፍላሼ መጨረሻ። ተራዬ ሲደርስ ቧንቧው እፍፍ… ብሎ ዐረፈው። ሰናይት ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝ።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። አደይ ብርኽቲ ናቸው፤ ሓጎስ ከኋላቸው በሁለት እጁ ጀሪካን አንጠልጥሏል።

«ክርስትናው የግቢው ነው፣ ወደይ፣ ልጄ» አሉኝ። «የጠረጠርነው አንተን ነው እንጂ ሕፃኑን ማን ጠረጠረ?»

ልጄ በቤተ ክርስቲያን ወልደ ሚካኤል ተባለ። ግቢው ግን «ሰባት» ብሎታል። «ኧረ ሌላ ስም አውጡለት!» ብዬ ስንቴ ለመንኳቸው መሰላችሁ… ደግመው ቢያወጡም ያው ሰባት ነው።