ትራምፔተኛው ክቡር ገና-ነው

ጨረስኩ የማይል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ልብስ ሰፊ ከሆነ ሙሽራዋ ሊሙዚን ውስጥ ገብታ እሱ መርፌ ይዞ ይከተላታል። ወጥ ሠሪ ከሆነች እንግዳው እጁን ታጥቦ ተቀምጧል፣ እሷ ገና ድስቱ ላይ ናት። የእኛ፣ የቴክሳስ ጋርላንዱ ደግሞ ትራምፔት ይነፋል።

ክቡር ጥዑመልሳን ይባላል፤ እንደኔው የኤርፖርት ሹፌር ነበር። "ሙዚቃው እንዴት ነው?" ካሉት መልሱ አንድ ነው፦ "ገና ነው።"

አፓርታማው ውስጥ መጀመሪያ የነፋ ቀን ጎረቤታችን እትዬ እናትነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። "ማን ሞተ?" አሉ፤ የእድር ጥሩምባ መስሏቸው! የአፓርታማው ኦፊስም ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ሶ፣ ልምምዱን ወደ መኪናው አዛወረ። ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት፣ ተሳፋሪ የምንጠብቅበት ፓርኪንግ ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ይነፋል።

አምና አንድ ለስላሳ ዜማ ቀርጾ ለቀቀ። ጉድ ፈላ! ሠርግ ቤት እሱ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ እሱ፣ የልጄ የኤልዳና ስልክ ላይ እሱ። ሹፌርነቱን ተወ። "እንኳን ደስ ያለህ!" ብዬ ኮል ባደርግለት "ገና ነው" አይለኝም!

ከዚያ ሃርድ ባፕ የሚሉት ጃዝ ያዘው። ከበሮው ይቆጣል፣ ትራምፔቱ ይመልስለታል፤ ብሉዝ አለበት፣ የጥቁሮች ቤተክርስቲያን መዝሙርም አለበት። ያን የተወደደለትን ዜማ በዚህ መንገድ ይፈታታው ጀመር። ምን እንደሚፈልግ ማወቅ አማረኝና ጠየቅሁት።

"እዚያ ዜማ ውስጥ ያልገባሁበት ክፍል አለ" አለኝ።

ያ ዜማ ያለበትን አልበም ያወጣለት አሳታሚ ግን፣ "ሁለተኛውን አልበም ልክ እንደ መጀመሪያው ሥራ፤ አለዚያ ኮንትራቱ ይቀራል" አለው።

"ፈርም እንጂ አንተ ሰው! የመጣ እንጀራ በእግር ይገፋል?" ብዬ ጮህኩበት።

አልፈረመም። ሰኞ ጠዋት ወደ ሹፌርነቱ ተመልሶ ያቺን አሮጌ ካምሪ መኪናውን ኤርፖርቱ ፓርኪንግ አምጥቶ ከጎኔ ፓርክ አደረገ። እውነቱን ልናገር፣ አናደደኝ፤ አንጀቴንም በላው። ልክ ልኩን ልነግረው ወርጄ ስሄድ ያንኑ ዜማ እየነፋ ነው። ያንኑ፣ ግን ሌላ። ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ አሁንስ አረፈ ስል ተመልሶ ይነሳል። ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ መስኮቱ ጋ ተገትሬ ቀረሁ።

ስልኬ ጮኸ። ከሁለት ሰዓት ጥበቃ በኋላ ተራዬ ደርሷል፤ ተሳፋሪው ሩቅ፣ ሳክሲ ከተማ ድረስ ነው፣ እንዲህ ያለ ጉዞ በሳምንት አንዴም አይገኝ። ተራውን ያሳለፈ ደግሞ ከሰልፉ ጭራ ይጀምራል።

ካንስል አደረግሁትና በሩን ከፍቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ትራምፔቱን አውርዶ አየኝ።

"ምን ታየኛለህ? ንፋ እንጂ!"