ለጡት ሐኪሙ የተጻፉ አሥራ ስምንት ጥያቄዎች

እኛ የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ሰዎች አንድ በግ ለመግዛት የማንጠይቀው ነገር የለም። አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን፤ ላቱን እንጨብጣለን፤ ወገቡን እንዳስሳለን፤ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚሸጥ፣ ያስነጥሰው እንደሆነ ሳይቀር ባለቤቱን እናፋጥጣለን። ሁለት ጊዜ ትተነው ሄደን ሁለት ጊዜ እንመለሳለን። ሐኪም ፊት ስንቀርብ ግን ያ ሁሉ ምላስ የት እንደሚገባ እንጃ። «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» ሲለን «እሺ ጌታዬ» ብለን እንወጣለን። ምናችን እንደሚቀደድ የምንጠይቀው ቤት ከደረስን በኋላ ነው። ያውም ጎረቤት።

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ እጠይቃለሁ። ሚኒባስ ስሳፈር እንኳ የኋላ ጎማውን ዞሬ ሳላይ አልገባም። ልጄ መዲና ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ ነው መሰለኝ፣ ለእናቷ የነገረቻትን ምሥጢር እናቷ ለእኔ እንድትነግረኝ የፈቀደችው።

ምሥጢሩ ይህ ነው። መዲና ሦስት ልጆች አጥብታለች። የመጨረሻዎቹ መንታ ናቸው፤ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ካልጠባን የሚሉ ጉልበተኞች ነበሩ። ልጆቹ አደጉ፤ ጡቷ ግን እንደወረደ ቀረ። ሥሩ በሙቀት ይላላጣል፤ ልብስ መልበስ ያስጨንቃታል፤ መስተዋት ፊት መቆም ከተወች ቆይታለች። አዲስ አበባ ይህን የሚያነሳ ሐኪም አለ። ባሏ እሺ ብሏል፤ ነገር ግን ሱቁን ጥሎ መሄድ አልቻለም። እናቷን መኪና ያዞራታል። ማን ቀረ? እኔ።

እስቲ እናንተ በእኔ ቦታ ሁኑ። በሰባ ዓመቴ ሴት ልጄን ለዚህ ጉዳይ ይዤ ልሂድ? ሦስት ቀን አኮረፍኩ። በአራተኛው ቀን የልጅ ልጄን ያለቀ ደብተር አንስቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና ከጀርባው ጥያቄ መጻፍ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሐፍረቱ ይልቅ ለማወቅ ያለኝ ጉጉት በለጠ። የወረደ ነገር እንዴት ይነሳል? የተረፈው ቆዳ ወዴት ይሄዳል? መልሶ አይወርድም ወይ? ስጨርስ አሥራ ሰባት ሆኑ።

መዲና አንድ ነገር አስማለችኝ።

«አባየ፣ ሰው እንዳይሰማ። ‹ሦስት ልጅ ወልዳ አሁን ደግሞ ማንን ልታማልል ነው› ሲሉኝ መስማት አልችልም። ከሰሙ ከሐይቅ ነው የምለቀው።»

ማልኩላት።

የአዲስ አበባው ሐኪም ወጣት ነው። ደብተሬን ከኪሴ ሳወጣ ፈገግ ብሎ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። መዲና በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

«አባየ፣ በግ ልትገዛ ነው እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«በግ ቢሆንማ እስካሁን ጥዬው በሄድኩ ነበር» አልኳት።

ሐኪሙ በወረቀት ላይ እየሣለ አስረዳኝ። የተረፈው ቆዳ ይቆረጣል፤ የቀረው ተሰብስቦ ይሰፋል፤ የጡቱ ጫፍ ወደ ላይ ይዛወራል። ቦታው እንጂ መጠኑ ብዙም አይለወጥም። ጠባሳው በጊዜ ይደበዝዛል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ ይችላል፤ ለጥቂት ጊዜ ወይም ለሁልጊዜው። የሚያጨስ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይሽርለትም። የሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ አስቀድሞ ለሐኪም ይነገራል፤ ራሳችንን ባመመን ቁጥር ከየሱቁ የምንገዛው ክኒን እንኳ ደም ሊያቀጥን ይችላልና። ጡቱ እጢ እንደሌለበትም ቀድሞ ይመረመራል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለሳምንታት ጀሪካን ማንሳት የለም፣ ልጅ ማዘል የለም፣ ክንድን ከትከሻ በላይ ማውጣት የለም፣ በሆድ መተኛት የለም።

«መልሶ አይወርድም ወይ?» አልኩት።

«እኔ አነሳዋለሁ። ዕድሜ ግን እኔን አይሰማኝም» አለ። ይህን ሐኪም ወደድኩት።

ከዚያ እሱ በተራው ወደ መዲና ዞረ። «ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ? እርግዝና ሥራውን ያበላሸዋል፤ ማጥባትም ሊያስቸግርሽ ይችላል።»

እኔ ቀድሜ «ኢንሻአላህ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሦስቱም ልጆቿ ሴቶች ናቸው፤ አንድ ወንድ እየጠበቅኩ ነበራ።

«በቅቶኛል» አለች መዲና። የምታየው ግን ሐኪሙን አልነበረም፤ እኔን ነው።

አሥራ ሰባት ጥያቄ ስጽፍ ይህችን አልጻፍኳትም።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት ሳምንት ዘመድ ቤት ሰነበትን። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ፣ «ስፌቱ ገና ነው፤ አደራ ጥንቃቄ» ብሎ ሲያሰናብተን ደብተሬን በኩራት አጠፍኩ። ምን ያልጠየቅኩት አለ?

አንድ ነገር ነበር። የሐይቅ ሰላምታ።

የእኛ ሰላምታ፣ በተለይ ከሕክምና ለተመለሰ ሰው፣ በአፍ ብቻ አያልቅም። ደረት ከደረት ይገጥማል፤ ክንድ በጀርባ ይዞራል፤ ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ ይባላል፤ መሐል ላይ ጭምቅ ማድረግ አለ። ያላቀፈ ተቀይሟል፤ አልታቀፍም ያለ ጠግቧል። ከባጃጁ ስንወርድ ጎረቤታችን እትየ ዘውዴ ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች። ስልሳ አልፏታል፤ ክንዷ ግን የጀልባ ቀዛፊ ክንድ ነው።

«እሰይ መዲናየ! የግሸኗ ማርያም እንኳን አስነሳችሽ!»

የመዲና ፊት አመድ መሰለ። ብትታቀፍ ስፌቱ፤ አልታቀፍም ብትል ምሥጢሩ። እኔ መሐል ገባሁ። እትየ ዘውዴ በዕድሜዋ አቅፋኝ አታውቅም፤ ያን ቀን አቀፈችኝ።

«ምነው አያ ሰይድ፣ የታመምከው አንተ ነህ እንዴ?»

ምን ልበል? ምያለሁ፤ መዋሸትም አይሆንልኝም። «ሐኪሙ... ክንድ...» ብዬ ዋጥኩት።

እኔን አየችኝ። ከዚያ መዲናን አየች፤ ከአንገቷ ዝቅ ብላ ትንሽ ቆይታ አየች። እጇን ሰበሰበችና ግንባሯን ሳመቻት። ከኋላዋ ወደ መጡት ሴቶች ዞራም፣ «ቁሙ! ሐኪም መታቀፍ ከልክሏል። ግንባር ግንባሯን እየሳማችሁ እለፉ!» አለች።

«ምኗን ነው ለመሆኑ?» አለች አንዷ።

«አንቺን ደግሞ ሐኪም ያደረገሽ ማነው?»

መዲና ቁስሏ እስኪሽር እኛ ቤት ሰነበተች፤ አንድ ወር ሙሉ ጠያቂ በመጣ ቁጥር በራችን ላይ የምትቆመው እሷ ሆነች። እኔ አልነገርኳት፤ እሷም አልጠየቀችኝ። መዲና ዳነች። መስተዋት ፊት ስትቆም እናቷ አይታታለች። ከሐይቅም አልለቀቀችም።

ባለፈው ሳምንት እትየ ዘውዴ መጣችና፣ «አያ ሰይድ፣ በረንዳ ላይ ስትጽፋት የነበረችውን ደብተር እስቲ አውሰኝ» አለችኝ።

«ለማን ነው?»

«ለሰው።»

መሐላ አለብኝና መዲናን ጠየቅኳት። ሳቀች። «ስጣት አባየ፤ እሷ እንደሆነ ካወቀች ቆይታለች። ወር ሙሉ በር ስትጠብቅ ምን የምትጠብቅ መስሎህ ነው?»

ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን መለሰችና ቡና እንኳ ሳትቀምስ ቶሎ ሄደች። ገልጬ አየሁት። ከአሥራ ሰባተኛው ሥር በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፣ አንድ ተጨምሯል፦

«እስከ ስንት ዓመት ዕድሜ ድረስ ይቻላል?»

እኔ የማላውቀውን አልመልስም። ነገ ለሐኪሙ እደውልለታለሁ። ማነው የጠየቀው ቢለኝ፣ «ሰው» ነው የምለው።