ለካባ የተሰጠ ሰላምታ

እትዬ በለጥሻቸው ጥቁሩን ክር መጀመሪያ ሦስት እጥፍ ያደርጉታል። በሰም ያሹታል። አንዱን ጫፍ ከመነጽሩ እጀታ ላይ ጠምጥመው ያስሩና በጥርሳቸው ጠበቅ ያደርጉታል፤ ሌላውንም እንዲሁ። ከዚያ በልጅቷ በሰገነት ማጅራት አዙረው ጣታቸውን ከክሩ ሥር ይሰዳሉ። አንድ ጣት ካልገባ ጠብቋል፣ ሁለት ከገባ ላልቷል።

«አሁን ዝለይ» ይሏታል።

ሰገነት ትዘላለች። መነጽሩ ንቅንቅ አይልም። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ቋጠሮ አውቃለሁ፤ የእርሳቸውን ግን መቀስ እንጂ ሰው አይፈታውም።

ሰላምታ ቆጣሪ የሌለበት ሰፈር ሰፈር አይደለም፣ ጫካ ነው። የእኛ የሰባተኛ ሰፈር የሰላምታ ቀኛዝማች ከሱቄ ደጃፍ ክር የሚሸጡት እኚሁ እትዬ በለጥሻቸው ናቸው። ማን አንገቱን ሰበር አደረገ፣ ማን ጎኑን ሰጥቶ አለፈ፣ አንዱም አያመልጣቸውም። ጆንያ የተሸከመን ኩሊ «አፍህም ተጭኗል እንዴ?» ብለውታል። እኔም ከለቅሶ ስመለስ ሳላያቸው ባልፍ «ሐዘን አፍ ይዘጋል፤ አንገት ግን አያደርቅም» አሉኝ።

ቀድሞ ቀንደኛዋ ጥፋተኛ የጎረቤታችን የቦጋለ ልጅ ሰገነት ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ዓይኗን ጨፈን ጨፈን እያደረገች ታያቸውና ዝም ብላ ታልፋለች።

«ጃንሆይ እንኳ ከመኪና ሆነው እጅ ይነሡናል» ይሉ ነበር። «የቦጋለ ልጅ ግን ዓይኗን ታጨነቁርብኛለች። ኩራተኛ።»

ወሬው ቦጋለ ጆሮ ደረሰ። አስተማሪዋም ከሰሌዳው አትገለብጥም ብሎ ነበር። ቦጋለ ሁለቱን ደመረና «ለኩሩና ለደንቆሮ ትምህርት ምን ይሠራል? ከመስከረም ጀምሮ ሱቅ ትቀመጥ» ብሎ ፈረደ።

ልጅቷ ፈራች። በማግስቱ ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ቆማ እስከ ጉልበቷ ጎንበስ አለችና «እትዬ በለጥሻቸው፣ እንዴት አደሩ?» አለች። ሰላምታው የደረሰው ግን ደጃፌ ምሰሶ ላይ ለሰቀልኩት ካባ ነው። ካባው መልስ ስላልሰጣት «ዛሬም እንደተቀየሙኝ ነዎት?» ብላ ጨመረች።

መርፌ በአፌ ይዤ ልስቅ ስል እትዬ በለጥሻቸው በክርናቸው ጎሸሙኝ። «ከካባ አነስኩ?» ብለው ጀመሩና ልጅቷን ትኩር ብለው አዩ። አንድ ቀይ ክር መዘው አነሡ።

«በእጄ ምን ይዣለሁ?»

«ምንም» አለች ሰገነት።

ተሻግረው አፍንጫዋ ሥር አደረሱት።

«ቀይ ክር። ጫፉ ተተርትሯል።»

በቀጥታ ወደ ቦጋለ ሄዱ። «ልጅህ ቅርቡን እንጂ ሩቁን አታይም። ሳታየኝ እንኳ እጅ ትነሣለች፤ ከዚህ በላይ ጨዋ ከየት ታመጣለህ?»

«መነጽር የሽማግሌ ነው» አለ ቦጋለ። «ዓይኗን ያሰንፍብኛል።»

«ቤት ሲጨልም ኩራዝ ይለኮሳል እንጂ ቤቱ ሰነፈ ይባላል?»

ቦጋለ ልጁን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ መነጽር አዘዘላት፤ መስከረም ሲጠባ ሰገነት በክፍሏ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ እትዬ በለጥሻቸው ያመጡባት መከራ ሌላ ነው። «መጽሐፉን ከአፍንጫሽ አርቂ።» «ፀሐይ ሳለ ውጪ ተጫወቺ።» ቦጋለ ዓመት ሳይሞላ ለምን ዳግመኛ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች ቢል በጣታቸው እኔን ጠቆሙ። «ልብስ ሰፊው ይንገርህ። ልጅ ስታድግ ቀሚሷ አይለወጥም?»

ካባው ተሸጠ። በትእዛዛቸው ሌላ ሰቅያለሁ፤ የሰፈር ልጅ ሲያልፍ ከካባው አጠገብ ይቆማሉ፣ እሳቸውን ትቶ ካባውን እጅ የነሣ ሐኪም ዘንድ ይላካል። ራጉኤል ለመሳለም ሄደው በርጩማቸው ባዶ የሆነ ጠዋት እኔም ለበርጩማው አንገቴን ሰበር አድርጌ አልፋለሁ። ዓይኔ ደህና ነው።

ስለ እርሳቸው ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው ክሩን በሰም እያሹ እንዲህ አሉኝ፦ «ለሚያነቡት ይህን ንገርልኝ። ሰላም ሳይላቸው ያለፈ ልጅ ካለ ከመቆጣታቸው በፊት ይቅረቡት፤ ራሳቸው ሰላም ይበሉት። ሲቀርቡ ፊቱ ከበራ ዓይኑን ለሐኪም ያሳዩለት። ቀርበውትም ዝም ካለ፣ እሱን ለእኔ ይላኩልኝ።»