ያለ ናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ

አሮጌ ሞተር ያየ ወንድ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ድንገት መካኒክ ይሆናል። የገዛ በሩን ማጠፊያ ጠግኖ የማያውቅ ሰው ፒስተን ካላወለቅሁ ብሎ ድርቅ ይላል። እኔስ ከማን አንሼ?

የኔው ደግሞ የሚስቴ አባት፣ የሟቹ የኦቦ ሁሴን የወፍጮ ሞተር ነው። ድሮ በአሰላ ዙሪያ ባለወፍጮ ሁሉ የሞተሩ ጭስ ማውጫ አፍ ላይ ጣሳ ይደፋ ነበር። ጣሳው ኩክ ኩክ ሲል እስከ ማዶ ይሰማል፤ ሴቱም ወፍጮው ተነሣ ብሎ ስንዴውን ይሸከማል። በኋላ የመብራት ወፍጮ መጣ፣ ኦቦ ሁሴንም አረፉ፣ ሞተሩ ጓሮ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት።

ታዲያ ባለቤታቸው አዴ ከዲጃ በዚህ ክረምት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ከዐስር ሶላት በኋላ ጉም ሲወርድ ሁሴን ወፍጮውን ያስነሣል፣ እሰማዋለሁ! ሰፈሩ ጃጅተዋል ማለት ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሳቸው ይህን አልሰሙም። አዳማ ያለው ልጃቸው ግን ሰማና ቤቱን ቆልፎ ሊወስዳቸው ቀን ቆረጠ። አዴ ደግሞ ከዚህ ግቢ የሚወጣው ጀናዛዬ ነው አሉ። እውነት ለመናገር አንጀቴን በሉት።

ስለዚህ ዘየድኩ። ሞተሩን ጠግኜ እውነተኛውን ድምፅ ባሰማቸው የሐሳቡ ይተዋቸው የለ? መጋዘኑን ስከፍት ፒስተኑ በዝገት ተጣብቋል፣ ኩሽኔታው ነክሷል፣ ነዳጅ ቋቱ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። እንኳን ሊነሣ ሊያስነጥስም አይችልም። ብቻ አቧራው ሁሉን ሸፍኖ ጣሳውን ትቶታል። ስነካው ጣቴ ጥላሸት ሆነ፤ ጥላሸቱ ደግሞ ትኩስ ነበር። መካኒክ አይፈራም ብዬ ሞተሩን ከነጣሳው ወደ ግቢው አወጣሁት።

ናፍጣ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ ብሎን ተረፈኝ፣ እንደገና ፈታሁት። በመጨረሻ ጉም ከጭላሎ ተራራ በወረደበት ቀን፣ ከዐስር በኋላ፣ እጀታውን አዞርኩት። ተነሣ! ዙፋን የወረስኩ ያህል ጮህኩ። አዴ ሙስባሃ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ወጡና ፊታቸውን አጨማደዱ። ወደ ጆሮዬም ተጠግተው፦

«ያ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ያንተን አጥፋው። የሱን አላሰማኝ አለ» አሉኝ።

አጠፋሁት። ሞተሩ እፊቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከባዶው መጋዘን ውስጥ ግን ኩክ ኩክ ይላል፣ ረጋ ብሎ፣ የለመደ እጅ እንደሚያሠራው። መፍቻዬን መሬት አስቀመጥኩ። አዴ ብቻ አልሐምዱሊላህ ብለው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

ማምሻውን ልጃቸው ደወለ። አሁንም ይሰማኛል ይላሉ ወይ አለኝ። ኧረ ምንም አይሰሙ፣ ፍጹም ድነዋል አልኩት። ምን ላድርግ? እውነቱን ብነግረው ሁለት ሰው ሊጭን ይመጣል።